ዕረፍቱም ቀረ፣ ውዝዋዜውም ቀረ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር ለጎጆ ሠሪ ይበጅ ይሆናል፤ ለልጅ አስተዳደግ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በህንድ ሀገር ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት የሙቀት ወራት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በብዙ መካከለኛ ገቢ ባላቸው ቤቶች የሚታቀደው ጉዞ ለዚህ ምስክር ነው። ወላጆች ከሜዳው ሐሩር ሸሽተው ወደ ደጋ ከተሞች የሚያደርጉትን የቤተሰብ ሽርሽር፣ ልጃቸው ከምትሳተፍበት የውዝዋዜ ውድድር ጋር ያጣምሩታል። በአንድ የባቡር ቲኬት ሁለት ጉዳይ ተፈጸመ ይባላል። ዳሩ ግን ውጤቱ ሲመረመር፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት፣ ቤተሰቡ ዕረፍቱንም ውዝዋዜውንም አጥቶ ይመለሳል።

የዕረፍቱን ዋጋ ለመገመት የከተሞቹን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ህንዶች እስከ ዛሬ «ሂል ስቴሽን» እያሉ የሚጠሯቸው ሺምላ፣ ዳርጂሊንግ፣ ሙሱሪና ኡቲ የሜዳው ሙቀት የከበዳቸው የብሪታንያ ገዢዎች ያቋቋሟቸው ናቸው። ኢጣሊያኖች የቅኝ ግዛታቸውን መዲና ከምጽዋ ወደ አሥመራ ያወጡበትን ምክንያት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይከብደውም። ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሺምላ በ1864 የብሪታንያ ህንድ የሙቀት ወራት መዲና ተባለች (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ወዲያ መንግሥቱ ከነመዝገቡ ከካልካታ እየተነሣ፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በየዓመቱ ይወጣባት ነበር። ከካልካ ተነሥቶ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ከመቶ በላይ ዋሻዎችን እያቋረጠ የሚወጣው ትንሹ ባቡር በ1903 ሥራ ጀመረ፤ በ2008ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ከ1947ቱ ነፃነት በኋላ ይህ የጥቂቶች ዕረፍት የብዙኃን ሆነ። የህንድ ማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኛ በአራት ዓመት ዙር ውስጥ ቤተሰቡን ይዞ ወደ መረጠው የሀገሪቱ ክፍል እንዲጓዝ የመጓጓዣ ወጪ የሚሸፍንለት ደንብ አለ። ለብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለው ጉዞ በዓመታት ውስጥ አንዴ የሚገኝ ነው። አባት ከቢሮ፣ እናት ከምድጃ፣ ልጅ ከፈተና ተላቀው ጉም የሚያዩበት ሳምንት ብርቅ ነው ማለት ነው። ውድድሩ የሚገባው እንግዲህ እዚህ ሳምንት ውስጥ ነው።

አሠራሩ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። አዘጋጆቹ መናፈሻ ከተማ ይመርጣሉ፤ ቤተሰብ ለውድድር ብቻ ሲል ሩቅ መንገድ ለመሄድ ያመነታል፣ ሽርሽር ሲታከልበት ግን ይነሣል። የመመዝገቢያ ክፍያ ይሰበሰባል። ልጆች በዕድሜና በውዝዋዜ ዓይነት ይከፈላሉ፤ ለያንዳንዳቸው ጥቂት ደቂቃዎች ይመደባሉ፤ ሙዚቃው በቀረጻ ይቀርባል። ጥቂቶች ዋንጫ ይሸከማሉ፤ የቀሩት የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ይታደላቸዋል። በዚህ መካከል ልጅቷ በሆቴሉ ክፍል ትለማመዳለች፤ ጠዋት ፊቷን ትቀባለች፤ ከባድ ልብሷን ለብሳ፣ የእግር ቃጭሏን አስራ ተራዋ እስኪደርስ ከመጋረጃ ጀርባ ትቀመጣለች። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ለመጣ አካል የደጋው ስስ አየር ራሱ ቀናት የሚሻ መላመድ ይጠይቃል። ወንድሟ ፈረስ ልጋልብ ሲል «ቆይ፣ የእኅትህ ተራ ይለፍ» ይባላል። ተራው ሲያልፍ ደግሞ የውጤት ጥበቃ ይጀምራል። ይህ ዕረፍት ከተባለ ፈተና ምን ሊባል ነው?

የውዝዋዜው ኪሳራ ከዚህ አይተናነስም። የደቡብ ህንዱን ባራታናትያም እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አንዲት ተማሪ በመምህሯ እጅ ለዓመታት ከሠለጠነች በኋላ አራንጌትራም በተባለው የመጀመሪያ ሙሉ ትርኢቷ ለሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ብቻዋን መድረክ ላይ ትቆማለች። የትርኢቱ እምብርት የሆነው ቫርናም ብቻውን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። መምህሩ በትንንሽ ጽናጽል ምቱን ይመራል፤ ዘፋኙ አንዱን ስንኝ ደጋግሞ ያዜማል፤ ተወዛዋዧም ያንኑ ስንኝ በእጅ ምልክትና በፊት ገጽታ እያለዋወጠች በየድግግሞሹ ሌላ ፍቺ ታወጣለታለች። ጥበቡ ያለው በዚህ ትዕግሥት ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ሲቆረጥ የሚተርፈው ፈጣን እግርና የተሳለ ዐይን ብቻ ነው። ዳኞች አንዱን ልጅ ከሌላው ለመለየት ቸኩለዋልና የሚታያቸው ፍጥነት ነው፤ መምህራንም ይህን ስለሚያውቁ ፍጥነትን ያስተምራሉ። በዚህ መንገድ ውድድሩ ያለውን ጥበብ በመመዘን አይወሰንም፤ ለሚዛኑ የሚመች ሌላ ነገር ያስፈለፍላል።

ቴሌቪዥንም ይህን አካሄድ አፋጥኖታል። በሰኔ 2019 የህንድ የማስታወቂያና ብሮድካስት ሚኒስቴር ለግል የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማሳሰቢያ አውጥቶ፣ በዳንስ ውድድሮች ላይ ልጆችን ለዕድሜያቸው በማይመጥን አኳኋን ከማቅረብ እንዲቆጠቡ ጠይቋል። መንግሥት እዚህ ድረስ መሄዱ፣ ልጅን ማወዳደር ምን ያህል ወደ ገበያ እንደ ተጠጋ ያሳያል። የቴሌቪዥኑን አርአያ የሚከተሉት ትንንሾቹ መድረኮች ግን ማሳሰቢያ የሚጽፍላቸው የለም።

የውድድሩ ደጋፊዎች የሚያነሡት ክርክር ቀላል አይደለም። በህንድ ውዝዋዜ ለረጅም ዘመን የነውር ስም ተለጥፎበት ነበር። ጥበቡን ያቆዩት ለቤተ መቅደስ የተሰጡት ዴቫዳሲ የሚባሉ ሴቶች ተንቀው ኖረዋል። ሩክሚኒ ዴቪ በ1936 ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት መሥርታ ባራታናትያምን የ«ጨዋ ቤተሰብ» ልጆች እንዲማሩት አደረገች፤ በ1947 ደግሞ ሴቶችን ለቤተ መቅደስ መስጠት በማድራስ ግዛት በሕግ ተከለከለ። የጥበቡ ባለቤቶች ራሳቸው ከመድረክ የተገፉበት ይህ ለውጥ የራሱ ግፍ አለበት። ያም ሆኖ ዛሬ የአንዲት ትንሽ ከተማ አባት ልጁን በኩራት ይዞ ተራራ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው ይላሉ ደጋፊዎቹ። ለሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ምን ያድርግ? ሲሉም ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሚያጸድቀው ውድድሩን አይደለም። በብዙ ሴቶች ውርደትና ድካም የተገኘ መድረክ ለዋንጫ ማስቆጠሪያ መዋሉ የዚያን ታሪክ ክብር ዝቅ ያደርገዋል። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብም ቢሆን ልጁን በሠፈሯ አዳራሽ፣ መምህሯና ጎረቤቶቿ በተሰበሰቡበት፣ ለአንድ ሰዓት ሊያስወዝዋዝ ይችላል። እዚያ የሚያዩዋት ሰዎች አምና የት እንደ ነበረች ያውቃሉ፤ ዘንድሮ ምን እንደ ጨመረች ሊነግሯት ይችላሉ። የተራራው ላይ ዳኛ ግን ስሟን እንኳ ከወረቀት ላይ ነው የሚያነበው።

ተራሮቹም ቢሆኑ ሸክሙን ችለውት አያውቁም። በግንቦት 2018 በሺምላ የከተማዋ የቀን የውሃ አቅርቦት ከሚያስፈልገው ወደ ግማሽ ገደማ ሲወርድ፣ ነዋሪዎች ባልዲ ይዘው ተሰለፉ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የከተማዋ የሙቀት ወራት ፌስቲቫልም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሽርሽረኛው በሚበዛበት ወር ላይ ተወዳዳሪና አጃቢ የሚጨምር ሰው፣ የሚጋብዘው ወደ ሌላው ሰው ማድጋ መሆኑን ሊያስብ ይገባል።

ጉዳዩ ለምሥራቅ አፍሪካ ባዕድ አይደለም። በ2017 የኬንያ መንግሥት የእስያ ተወላጅ ዜጎቹን 44ኛው የሀገሪቱ ጎሣ ብሎ ተቀብሏል፤ በናይሮቢም የህንድን ውዝዋዜ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ። ከዚህም ሌላ ከ1927 ጀምሮ የሚካሄደው የኬንያ የሙዚቃ ፌስቲቫል የተማሪዎችን ዘፈንና ባህላዊ ጭፈራ በውድድር ያቀርባል። ደቂቃ የተለካለት የሠርግ ጭፈራ፣ የሠርጉን ሰው ትቶ ዳኛ ፊት ሲቆም፣ የህንዱ ጥያቄ እዚህም ይነሣል፦ የሚወዛወዘው ለማን ነው?

የሚፈለገው ውድድር ሁሉ ይጥፋ ማለት አይደለም። አዘጋጆች ከልብ ለጥበቡ ቆመው ከሆነ፣ ቁጥር ቀንሰው ጊዜ ይጨምሩ፤ ቢያንስ ቫርናሙ እንዲያልቅ ይፍቀዱ። ከነጥቡ ጋር የዳኛው ሐሳብ በጽሑፍ ለልጅና ለመምህር ይሰጥ። የተሳትፎ ምስክር ወረቀት መሸጥ ይቁም። የትምህርት ቤት ዕረፍትም ይከበር፤ ውድድሩ ልጆቹ በሚኖሩበት ከተማ፣ ዳኞቹ ወደ ልጆቹ እየመጡ ይካሄድ። ወላጆች ደግሞ ወደ ተራራ ሲወጡ የእግር ቃጭሉን እቤት ይተዉት። ልጅቷ በሺምላ ጎዳና ላይ ጉሙን እያየች ሳትቆጠርና ሳትመዘን ብትዘል፣ ዕረፍት ማለት ያ ነው፤ ውዝዋዜም ቢሆን ዳኛ ከመምጣቱ በፊት የጀመረው ከእንዲህ ያለ ዝላይ ነው።