ዓይን ሲጠግብ ልብ እንዳይራብ

በሳይንስ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ በቴሌቪዥንና በሲኒማ በተከታታይ ሲቀርብ፥ «ዋናው ነገር ትርኢቱ ነው፤ የሚያብረቀርቅ መርከብና የሚፈነዳ ኮከብ ካላሳየን ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። እኛ ይህን አስተያየት አንቀበለውም፤ የማንቀበልበትንም ምክንያት ከአንድ የታወቀ ሥራ በማስረጃ እናቀርባለን።

«ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በጂን ሮደንቤሪ ፈጣሪነት በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የተመደበለት ገንዘብ አነስተኛ ስለ ነበረ መርከቢቱ በየሳምንቱ በአዲስ ፕላኔት ላይ ስታርፍ ለማሳየት አልተቻለም። አዘጋጆቹ ሰውን በጨረር በቅጽበት የሚያሸጋግረውን መሣሪያ ያሰቡት ከዚህ ችግር የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1969 በታየው አንድ ክፍል ደግሞ ዋናው ጌጥ ነጭና ጥቁር የፊት ቀለም ነበር። ግማሽ ፊታቸው ነጭ፥ ግማሹ ጥቁር የሆነ ሁለት ሰዎች ይጣላሉ፤ የጠባቸውም ምክንያት የአንዱ ቀኝ ጎን ጥቁር ሲሆን የሌላው ቀኝ ጎን ነጭ መሆኑ ነው። ወደ ዓለማቸው በተቃረቡ ጊዜ ሕዝባቸው በዚሁ ጥላቻ እርስ በርሱ ተላልቆ ማለቁን ይረዳሉ፤ እነርሱ ግን አሁንም መሳደዳቸውን አይተዉም። ይህ የታየው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ዓመት ሳይሞላ መሆኑን ስናስብ፥ የቀለሙ ርካሽነት የነገሩን ክብደት እንዳላቀለለው እንረዳለን።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም 44 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጀ። ፈጣሪውን ስለሚፈልግ መኪና የሚተርክ በመሆኑ ጥልቅ ጥያቄ አልጎደለውም፤ ነገር ግን መርከቢቱን በዙሪያዋ እየዞሩ ማሳየቱ እጅግ ስለ ረዘመ ጥያቄው በጌጡ ተዋጠ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተከተለው ሁለተኛው ፊልም በ12 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሠራ፤ ከፊተኛው ፊልም የተወሰዱ ትዕይንቶችን ሳይቀር ደግሞ ተጠቀመባቸው። ሆኖም ስለ እርጅና፥ ስለ በቀልና ራስን ለወዳጅ ስለ መሠዋት የሚናገር በመሆኑ፥ ብዙ ተመልካቾች ከፊተኛው አስበልጠው የሚወዱት እርሱን ነው።

«ዓይን ካልተማረከ ልብ አይሰማም» የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። እኛም ትርኢትን አንንቅም። አንጥረኛ ቅርጹን አስቀድሞ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ሸፍኖ ሰሙን ካቀለጠ በኋላ ወርቁን ያፈስበታል። ያለ ሰም ወርቁ መልክ አያገኝም። ነገር ግን ሰሙን አሳምሮ ወርቁን የረሳ አንጥረኛ ምን ሠራ ይባላል? የጥንቱ የቴሌቪዥን ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሲታደስ የመርከቢቱና የፕላኔቶቹ ሥዕሎች በኮምፒዩተር ተለወጡ፤ ታሪኩና የተዋንያኑ ንግግር ግን እንደ ነበረ ቀረ። ያረጀው ሰሙ ነበር፤ ወርቁ እድሳት አላስፈለገውም።

ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ሥራ ስትመዝኑ «ምን አሳየን?» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ምን ጠየቀን?» በሉ። በየዘመኑ የበለጠ የሚያብረቀርቅ ሥዕል መምጣቱ አይቀርም። ሰው ጎረቤቱን በፊቱ ቀለም ምክንያት ስለ ምን ይጠላዋል የሚለው ጥያቄ ግን ገና አላረጀም።