ሊንከን ያለው ነጭ ቤት

ቦስተንና ካምብሪጅ ያላችሁ ወገኖች ግማሽ ሰዓት ገደማ ነድታችሁ የምትደርሱበትን ቤት፣ እኔና ባለቤቴ ከሜሪላንድ ተነስተን፣ ለኒው ጀርሲ ቱርንፓይክ እየከፈልን፣ ኒው ዮርክ ላይ ትራፊክ ይዞን ነው ያየነው። «ሰው ለእረፍት ቢች ይሄዳል፤ አንተ የሞተ ሰው ቤት ልታሳየኝ ታንገላታኛለህ» እያለች ኮኔቲከት ደረስን።

ሟቹ ዋልተር ግሮፒየስ ነው፤ በ1919 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን፣ ቫይማር ላይ ባውሃውስን የመሠረተው አርክቴክት። እሱ ቀደም ብሎ የለቀቀው ይህ ትምህርት ቤት በ1933 በናዚዎች ጫና ተዘጋ። በ1934 እንግሊዝ ገባ፤ በ1937 ሃርቫርድ ሊያስተምር አሜሪካ መጣ። ሃምሳን አልፎ ነበር። ሄለን ስቶሮው የምትባል ባለጸጋ ማሳቹሴትስ፣ ሊንከን ካላት መሬት ላይ ቦታ ሰጥታ፣ ወጪውንም ችላ ቤት አሠራችለት። በ1938 ተከራይ ሆኖ ገባበት።

ይህ ሰው ስሙ ዓለምን የዞረ ነው። ጀርመን ዴሳው ላይ የሠራውን ቤት እንዳለ ሊደግመው ይችል ነበር፤ ማንም አይከለክለውም። እሱ ግን የአገሬውን ቤቶች አጠና። የቤቱ አጥንት እንጨት ነው፤ መሠረቱ የአካባቢው ድንጋይ፣ ጭስ ማውጫው ጡብ። ጎረቤቶቹ በአግድም የሚመቱትን ነጭ ሳንቃ እሱ በቁም አቆመው። ወባ ባይኖርም ትንኝ አለና የኒው ኢንግላንድ ሰው በሽቦ ወንፊት የሚጋርደውን በረንዳ ወሰደ፤ ነፋስ እንዲያገኝ አድርጎ ወደ ጓሮው ዘረጋው። በደቡብ በኩል ጣሪያው ከመስኮቱ አልፎ ስለወጣ የበጋን ፀሐይ ይከልላል፤ በክረምት ዝቅ ብላ የምትመጣውን ያስገባል። ውስጡ ግን የራሱ ነው። የባውሃውስ ዕቃዎቹን ከጀርመን አስጭኖ አምጥቷል፤ ከሚስቱ ከኢዜ ጋር ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ረጅም ጠረጴዛ ዛሬም መስኮቱ ስር አለ።

ባለቤቴን የያዛት ግን ከውጭ ያለው ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ግሮፒየስ ለልጁ ለአቲ ከጓደኞቿ ጋር በሳሎን ሳታልፍ ወደ ክፍሏ እንድትወጣ ያሠራላት ነው። አቲ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች።

«በስንት ሰዓት እንደገባች በምን ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ያምኗታላ።»

«እንግዲህ አንተ ልጃችንን እመናት። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

እንግዲህ ወገኖች፣ ወደ እኛ ቤቶች ልምጣ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በሠላሳ ዓመት ሞርጌጅ የምንገዛቸው ቤቶች ማድቤታቸው ከሳሎኑ ጋር የተከፈተ ነው። ሻጩ ሲያስጎበኘን ግራናይቱን ዳስሰን እናደንቃለን። በዓል ሲደርስ ግን ሽንኩርቱ የሚቁላላው ጋራዥ ውስጥ፣ መኪናው ወጥቶ፣ በጋዝ ምድጃ ነው። ዕጣን ሲጨስ አላርሙ ይጮሃል፤ አንዱ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ ያራግባል። ረከቦቱ ቋሚ ቦታ የለውም። ይህን እንኳን ልንተወው እንችላለን፤ ቤቱን የሠሩት ለእኛ ብለው አይደለም።

የሚያናድደኝ ራሳችን ስናሠራ ነው። አያትም ሆነ ለገጣፎ መሬት ያለው ሰው የቨርጂኒያውን ቤት ፎቶ ይልካል፤ ያንኑ ጂ ፕላስ ሁለት ያሠራል። በምዕራብ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት ይሆንና ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይጋግራል፤ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ ይገባዋል። የተከፈተው ኪችን ይሠራል። ከዚያ የወጥ ጭስ ሳሎኑን ሲያጥነው ከጓሮ በቆርቆሮ ሌላ ማድቤት ይቀጠላል፤ ዋናው ኪችን ለእንግዳ ማሳያ ይቀራል። ለአንድ ወጥ ሁለት ማድቤት! በረንዳ፣ ጓዳ፣ ከማድቤት ወደ ግቢ የሚያወጣ በር፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት የሚጠራበት ቦታ፤ እነዚህን የእናቶቻችን ቤቶች ያውቋቸው ነበር። ግሮፒየስ አዲስ አበባ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያያቸው እነሱን ነበር ብዬ እገምታለሁ። ዘመናዊነቱ ደግሞ አይቀርበትም።

ገንዘብ የለንም እንዳትሉኝ። የሊንከኑ ቤት ከብዙዎቻችን ቤት አይተልቅም፤ መብራትና ቧንቧ ነክ ዕቃው ብዙው ከገበያ የተገዛ ነው። ወጪው ያለው ማሰቡ ላይ ነው።

እኛም ቤት ልናሠራ ነው፤ ፕላን የሚሠራልን ወጣት አዲስ አበባ ነው። ስንት መኝታ፣ ስንት ሻወር፣ ስንት መኪና ብሎ ጠይቆናል፤ ቁሌቱ የት እንደሚቁላላ አልጠየቀም፣ እኛም አልነገርነው። ስንመለስ ባለቤቴ ከሆቴል በያዘችው ወረቀት ላይ ጻፈችለት፤ ማድቤቱ ለብቻው ይሁን፣ ወደ ግቢ በር ይኑረው፣ በረንዳው ጠዋት ፀሐይ ያግኝ፣ የምዕራቡ መስኮት ይቀነስ። ስለ ልጃችን ደረጃ እኔ ላስጽፍ ስል እስክሪብቶውን ከደነችው።