«የንጉሥ ዘውድ» ስለ ተባለው ሲኒማና ስለሚያሞግሱት ሰዎች

በሕንድ አገር በደቡብ ምሥራቅ ወገን ቴሉጉ የሚባለውን ቋንቋ የሚናገር እጅግ ብዙ ሕዝብ አለ። ይህ ሕዝብ ሲኒማን የሚወድ ነው፤ ከሚወደውም ወገን አንዱ «ጃናፓዳ» እየተባለ የሚጠራው፥ ሰይፍ የሚመዘዝበት፥ ፈረስ የሚጋለብበት፥ በእልፍኝና በአዳራሽ ሤራ የሚሸረብበት የነገሥታት ታሪክ ነው። ከእነዚህም መካከል በ1960 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ስመ ጥሩው አዘጋጅ ቢ. ኤን. ሬዲ በቫውሂኒ ድርጅት ስም ያወጡት «ራጃማኩታም» ይገኛል፤ ትርጓሜውም የንጉሥ ዘውድ ማለት ነው። ናንዳሙሪ ታራካ ራማ ራው ልዑሉን፥ ራጃሱሎቻናም ወዳጁን ሆነው ተጫውተውበታል። በታሚል ቋንቋም ጭምር ተሠርቷል።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። ልዑል ፕራታፕ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ አባቱ በሤራ ተገድሎ፥ ሥልጣኑም በፕራቻንዳ እጅ ገብቶ ያገኘዋል። ስለዚህ በቀን አእምሮውን እንደ ሳተ ሰው ይሆናል፤ ጠላቱም ይንቀዋል። በሌሊት ግን ፊቱን ሸፍኖ «ናላትራቹ»፥ ይኸውም ጥቁሩ እባብ፥ በሚል ስም ዐመፀኛውን የሚያስጨንቅ ሽፍታ ይሆናል። በመጨረሻም ሰይፍ ከሰይፍ ይጋጠማል፤ ዐመፀኛው ይወድቃል፤ ዘውዱም ወደ ባለ መብቱ ይመለሳል።

ይህን ሲኒማ የሚያሞግሱ ሰዎች «ፍርድን ያስተምራል፤ ግፍ እንደማይጸና፥ የተቀማም እንደሚመለስ ለሕዝብ ያሳያል» ይላሉ። የማስተር ቬኑን ዜማና የአዘጋጁን ጥንቃቄ ቢያመሰግኑ ማንም አይከራከራቸውም። ፍርድን ያስተምራል ማለታቸው ግን ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። ቅኔ የቈጠረ ሰው ሰሙን ብቻ ሰምቶ አይነሣምና፥ ከሰይፉና ከፈረሱ በታች የተቀበረው ወርቅ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። ሲቈፈርም የሚገኘው ይህ ነው፦ ዘውዱ ንጹሕ ነው፥ ክፋቱ በያዘው ሰው ብቻ ነው፤ ሰውየው ይለወጥ እንጂ አገሩ ይድናል።

አባቱ የተገደለበት፥ እንደ እብድ ሆኖ የሚመላለስ ልዑል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የሼክስፒርን ሐምሌት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሰውታል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ልዑሉን በዙፋን ላይ አላስቀመጠውም። በቀሉ ሲፈጸም ንጉሡም፥ ንግሥቲቱም፥ ልዑሉም በአንድ አዳራሽ ሬሳ ሆነው ይጋደማሉ፤ አገሩንም ከውጭ የመጣው የኖርዌ ልዑል ይረከበዋል። የበቀል ዋጋ ሳይጐድል ተከፍሎ ይታያል። በራጃማኩታም ግን ሒሳቡ በዐመፀኛው ውድቀት ይዘጋል፤ ተመልካቹም ምንም ዕዳ ሳይቀርበት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ጃናፓዳ ማለት የአገሬው፥ የገጠሬው ማለት ነው። ስሙ የሕዝብ ሲሆን ነገሩ የቤተ መንግሥት ነው። በዚህ ዐይነቱ ታሪክ ሕዝቡ ፈጽሞ አይታይም አይባልም፤ ይገረፋል፥ ያለቅሳል፥ ጭንብል የለበሰውን ይከተላል፥ ሲፈጸምም እልል ይላል። ማን ሊገዛህ ትወዳለህ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። በ1951 ኬ. ቪ. ሬዲ ባዘጋጁት «ፓታላ ባይራቪ» ዋናው ሰው የአትክልተኛ ልጅ ነው፤ የኡጃይንን ንጉሥ ልጅ ቢወድ ንጉሡ ሀብት ይዘህ ና አለው፥ እርሱም በአስማተኛ ምስል ሀብት አገኘ። የድኻ ልጅ እንኳ ወደ አዳራሹ የሚገባው አዳራሹን መስሎ ነው።

አሞጋሾቹ የቢ. ኤን. ሬዲን ስም ጋሻ ያደርጋሉ። የ1974ን የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት፥ በሕንድ ለሲኒማ ሰው ከሚሰጠው ሁሉ ከፍ ያለውን ክብር የተቀበሉ ሊቅ እንዴት ይሳሳታሉ ይላሉ። መልሱን የሰጡት ሬዲ ራሳቸው ናቸው። ከራጃማኩታም ዘጠኝ ዓመት አስቀድመው፥ በ1951 ዓ. ም.፥ «ማሊስዋሪ»ን ሠርተው ነበር። በዚያ ታሪክ ያሉት ንጉሥ ከ1509 እስከ 1529 በቪጃያናጋራ የነገሡት ክሪሽናዴቫራያ ናቸው፤ ክፉ ሰውም አይደሉም። ማንነታቸውን ሰውረው ሲዘዋወሩ ማሊስዋሪ የምትባል የመንደር ልጅንና ወዳጇን ናጋራጁን፥ ድንጋይ ጠርቦ ምስል የሚያወጣውን ወጣት ያገኛሉ። ወጣቱም በቀልድ፥ በሰው ትከሻ የሚሄደው የቤተ መንግሥት የክብር ወንበር ለልጅቱ እንዲላክላት ይናገራል። ንጉሡ ቀልዱን እንደ ልመና ተቀብለው በቸርነታቸው ላኩላት። እርሱ ገንዘብ ሊያገኝ ርቆ በሄደበት ጊዜ ወንበሩ መጣ፤ ልጅቱም ወደ ቤተ መንግሥት ገባች። የገባችበት በር ለመውጫ አልተሠራም።

በዚህ ታሪክ የተገለበጠ ዙፋን የለም። ሤረኛ የጦር አለቃ፥ የተበጠበጠ መርዝም የለም። ሆኖም ሁለት ሰዎች በደግ ንጉሥ ቸርነት ኑሯቸው ተሰበረ። በመጨረሻ ምሕረት ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ምሕረቱም ቢሆን እንደ መከራው ከአንድ ሰው ፈቃድ የመጣ ነው። ይህን ያህል ጠልቀው ያዩ ሰው ኋላ ክፋትን ሁሉ በአንድ ፕራቻንዳ ራስ ላይ መጫናቸው ያሳዝናል። ማሊስዋሪን ያየ ሰው ራጃማኩታምን ሲያይ፥ ዐዋቂ መምህር ለሕፃናት ሲል ትምህርቱን ያሳጠረ ይመስለዋል።

«ጨዋታ ነው፥ ለምን ይህን ያህል ይመረመራል» የሚል ቢኖር፥ ጨዋታው ከመጋረጃው ወርዶ ምን እንዳደረገ ይመልከት። ልዑል ፕራታፕን የሆኑት ራማ ራው በመጋቢት 1982 ቴሉጉ ዴሳም የተባለውን ማኅበር አቆሙ። በሲኒማ ራማንና ክሪሽናን፥ ነገሥታትንም ሆነው ሲታዩ የኖሩ ናቸውና፥ በመኪና ከመንደር ወደ መንደር ሲዞሩ ሕዝቡ ሰውየውንና የተጫወቱትን ሰው ለይቶ ለማየት ተቸገረ። ዓመት ሳይሞላ በጥር 1983 ከ294ቱ የምክር ቤት መቀመጫ ከ200 በላይ አግኝተው የአንድራ ፕራዴሽ ዋና ሚኒስትር ሆኑ።

በነሐሴ 1984 ለልብ ሕመም በአሜሪካ ታክመው እንደ ተመለሱ አገረ ገዢው ራም ላል ከሥልጣን አወረዷቸው፤ በምትካቸውም የገንዘብ ሚኒስትራቸው የነበሩትን ናዴንድላ ባስካራ ራውን ሾሙ። እንግዲህ ይህ እንደ ሲኒማው ነው፤ ባለ ሥልጣኑ ከአገር ርቆ፥ በቤት ያለው ሰው ቦታውን ያዘ። አሞጋሾቹ በዚህ ስፍራ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፦ ሕዝቡ የወጣው ቅሚያን መጥላት ከሲኒማ ስለ ተማረ ነው ይላሉ። ከቃላቸው ሁሉ ብርቱው ይህ ነው፤ ጥቂት እውነትም አለበት። ነገር ግን ራማ ራው በመስከረም የተመለሱት በምንድር ነው? ሕዝቡ በየአደባባዩ ስለ ጮኸ፥ እንደራሴዎቻቸው ገንዘብና ማስፈራራት እንዳይበትናቸው ወደ ካርናታካ ተወስደው በአንድነት ስለ ተጠበቁ፥ ቍጥራቸውም በርእሰ ብሔሩ ፊት ስለ ታየ ነው። በጃናፓዳ እልል ከማለት በቀር ሥራ የሌለው ያ ሕዝብ፥ በእውነተኛው ዓለም ሥራውን የሠራው እርሱ ሆነ። ጭንብል የለበሰ ማንም አልመጣም።

የ1995ቱ ነገር ደግሞ ለአሞጋሾቹ ፈጽሞ አይመቻቸውም። ራማ ራው በ1994ቱ ምርጫ 216 መቀመጫ አግኝተው ተመልሰው ነበር። ዓመት ሳይሞላ፥ በነሐሴ 1995፥ ከገዛ ማኅበራቸው እንደራሴዎች የሚበልጡት ከአማቻቸው ከቻንድራባቡ ናይዱ ጋር ሆኑ፤ ምክንያታቸውም በ1993 ያገቧቸው ባለቤታቸው ላክሽሚ ፓርቫቲ በመንግሥት ሥራ እጃቸውን አስገቡ የሚል ነበረ። አማችየው በመስከረም መጀመሪያ ሥልጣኑን ያዙ። ቤተ ዘመድ፥ ሤራ፥ አልጋ፥ ሁሉም አለ፤ ደም ግን አልፈሰሰም፤ ነገሩ የተፈጸመው ራስ በመቍጠር፥ በሕጉም መንገድ ነው። በ1984 የወጣው ሕዝብ በዚህ ጊዜ እንደዚያ አልወጣም። ወጥቶስ ማንን ይቃወም? ሲኒማው ቀማኛን በፊቱ ክፋት እንዲለይ አስተምሮታል፤ የሚታየው ግን የባለ ሥልጣኑ አማችና ትናንት ራሱ የመረጣቸው እንደራሴዎች ናቸው። ራማ ራው በጥር 18 ቀን 1996 ዓ. ም. ከሥልጣን እንደ ወረዱ ዐረፉ።

ሰውየውን መንቀፍ የዚህ ክርክር ዐላማ አይደለም። ለድኻ አንድ ኪሎ ሩዝ በ2 ሩፒ እንዲሸጥ ያደረጉ ናቸው። በ1984 መጀመሪያ ላይም፥ ከመሻራቸው ጥቂት ወራት አስቀድሞ፥ በየመንደሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረውን የመሬት መዝገብና የግብር ሹመት በአዋጅ ሽረዋል። በመጋረጃ ላይ የአባታቸውን ዘውድ ሊያስመልሱ በሰይፍ የተዋጉት ሰው፥ በውርስ የሚገኘውን ሹመት በብዕር አስቀሩ። አሞጋሾቹ ስለ ጥቁሩ እባብ ፈረስና ጭንብል ሲናገሩ ውለው ቢያድሩ፥ ይህን አዋጅ እምብዛም አያነሡትም።