መሪው ከፍ ይበል፤ ገመዱስ?



ስለ አገር ዕድገትና ስለ ተማሪ ኃላፊነት በየጊዜው ብዙ እንጽፋለን፤ ብዙም እንከራከራለን። እኔ ዛሬ የማነሣው ነገር ትንሽ ነው፤ ስለ ሞተር ሳይክል መሪ ነው። ሆኖም አንባቢዬ እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ ነገሩ ከትልልቆቹ ክርክሮቻችን ያልራቀ መሆኑን ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሁሉ ሉማሜን ያውቃታል። አስፋልቱን ትተው ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲወጡ ግን መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ነው። መኪና በማይደፍረው በዚህ መንገድ ሰውና ጭነት የሚያመላልሱት ትናንሽ የሕንድ ሥራ ሞተሮች ናቸው። መሪያቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቁመቱ የረዘመ ነጂ ጎንበስ ብሎ ሲነዳ ውሎ ማታ ወገቡን ይዞ ይገባል። ከፊቱ ጆንያ የጫነ እንደሆነማ እጁን የሚዘረጋበት ያጣል። ስለዚህ መሪን ከፍ ማድረግ በእኛ አገር የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ሉማሜ በሄድሁ ጊዜ አንድ የሰፈራችን ልጅ ይህንኑ ሥራ በቤቱ ግቢ ሲያሠራ አገኘሁት። በያጁ ሽማግሌ ግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ቆርጠው፥ አጥፈውና በይደው ከፍ ያለ መሪ አወጡለት። ቧንቧው መሪውን በሚይዘው መቆንጠጫ ውስጥ ጥቂት ስለላላ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ጠቅልለው አጠበቁት። ቆሜ ሳይ ጊዜ፥ «አንተ ተማሪ፥ ምን ታያለህ? ሒሳቡን አንተ ታውቃለህ፤ ብረቱን እኔ አውቃለሁ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የታየኝ ነገር ነበረ፤ ዳሩ ግን ዝም አልሁ። በሳምንቱ ልጁ ከኋላው አንዲት እናት አሳፍሮ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ያዘ፤ መሪው በመቆንጠጫው ውስጥ ዞሮ ወደ ፊት ተደፋ። እናቲቱን እግዚአብሔር አተረፋቸው፤ የልጁ ክንድ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ዝም ያልሁበት ነገር ምን ነበር? ሁላችንም በፊዚክስ ትምህርት የተማርነው ነው። ኃይል በርቀት ሲባዛ የማዞር ጉልበት ይሆናል። ከመቆንጠጫው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የነበረው እጀታ 25 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ፥ ያው እጅ በዚያው ኃይል ሲገፋው መሪውን ለማዞር የሚታገለው ጉልበት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። የእነዚህ ሞተሮች መሪ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሽ ኢንች የሚባለው የውሃ ቧንቧ ግን የውጭ ውፍረቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ዓይን አይለየውም። ሆኖም ጉልበቱ በበረታበት በዚያው ቦታ አያያዙ ላላ ማለት ነው። ቧንቧ የተሠራው ውሃ ሊያሳልፍ እንጂ ሰው ሊደገፈው አይደለም። ደግሞም በላዩ ያለው የዚንክ ቅብ ሲበየድ የሚያወጣው ጭስ በያጁን ራሱን ትኩሳትና ብርድ ብርድ በሚል ሕመም ይጥለዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይልቅ ስውር ነው። መሪው ከፍ ሲል ገመዶቹ እንደ ነበሩ ቀሩ። የፍሪሲዮኑ፥ የነዳጅ መስጫውና የፊት ፍሬኑ ሽቦ ለዝቅተኛው መሪ በልክ የተቆረጡ ናቸው። ነጂው ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ የተወጠረው የነዳጅ ሽቦ ማንም ሳይነካው ይሳባል፤ ሞተሩም ቀዝቀዝ ማለት በሚገባው መታጠፊያ ላይ ይፈተለካል።

እንግዲህ በቤት መሥራት አይገባም ማለቴ ነውን? አይደለም። ሥራው በጥቂት ቁልፎች በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ እንጂ። ከሁሉ በፊት የሚለካው መሪው ሳይሆን ገመዱ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ከፍታ የገመዶቹን መተላለፊያ በማስተካከል ብቻ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ግን ረዘም ያለ ሽቦ መግዛት ግድ ነው። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነም ረዘም ያለ ቱቦ ይገባለታል፤ በውስጡ የቀረው አየር ተጠርጎ እስኪወጣና የፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ ጠንከር እስኪል ድረስ መንዳት አይገባም። መሪውም ለዚሁ ሥራ የተሠራ፥ ውፍረቱ ትክክል የሆነ ይሁን። የመቆንጠጫው ቡሎኖች አንዱ እስከ መጨረሻው ሳይጠብቅ በየተራ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ።

ከዚያ በኋላ ፈተናው ይመጣል። ማርሹን አውጥቶ፥ ሞተሩን አስነሥቶ፥ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፥ ከዚያም ወደ ቀኝ ማዞር ነው። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ ወይም አንዱ ገመድ ከተወጠረ ሥራው አላለቀም። ለዚህ ፈተና ገንዘብም ዲፕሎማም አያስፈልግም፤ ሁለት ጆሮና አንድ የሚያግዝ ጓደኛ ይበቃል።

አንዳንድ ወዳጆቼ፥ «ፋብሪካው እንደ ሠራው ይቅር፤ ይህ ከአሜሪካ ፊልም የመጣ ጉራ ነው» ይሉኛል። እርግጥ ነው፥ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢዚ ራይደር» የተባለው ፊልም ረጅም መሪ ያላቸውን ሞተሮች በዓለም ሁሉ አስተዋውቋል። ነገር ግን እዚያው አሜሪካ አያሌ ግዛቶች እጀታው ከነጂው ትከሻ እንዳያልፍ በሕግ ወስነዋል። እኛም ከፊልሙ ይልቅ ሕጉን ብንቀዳ ይሻለናል። ፋብሪካው ለዓለም ሰው ሁሉ አንድ ልክ ይሠራል፤ የሉማሜ ነጂ ግን ቁመቱም መንገዱም የራሱ ነው። መሣሪያን ለራስ ልክ ማስማማት ጉራ ሳይሆን ሥልጣኔ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። እኛ ተማሪዎች ዛሬ ባለ እጅን አንሰድብም። ዳሩ ግን ከጎኑ ቆመን፥ የምናውቀውን በሆዳችን ይዘን፥ ፈገግ ብለን እናልፋለን። ይህ ከስድብ በምን ይለያል? ከአደጋው በኋላ ካሊፐር ተውሼ ወደ በያጁ ሄድሁና የቧንቧውንና የመሪውን ውፍረት ለክቼ አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ይህን ያን ዕለት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ቂም ሳይዙ፥ ደኅናው ብየዳ በመዶሻ ሲነካ ጥርት ብሎ እንደሚጮኽ፥ የተሰነጠቀው ደግሞ ድምፁ እንደሚታፈን እየደበደቡ አሳዩኝ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም ነበር።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀድሞ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር። እኛን ማንም ባይልከን እንኳ ዕረፍት ሲመጣ በየአገራችን እንገባለን። ስለዚህ ማኅበራችን ይህን እንዲያስብበት አሳስባለሁ፦ እያንዳንዳችን ከዕረፍታችን አንዷን ቀን በከተማችን ካለ በያጅ ወይም መካኒክ ዘንድ እንዋል። የምናውቀውን በትሕትና እንንገር፤ የማናውቀውን እንጠይቅ።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለነገረኛ ሰው ምክሩ መልካም ነው። እኔ ግን በዚያ ግቢ ዝም ያልሁበትን ዋጋ የከፈለው ሌላ ሰው ነው።