ትሬዲንግ ዴስኩ ተከፈተ፤ የባሕር ዳር ተማሪስ በየት ይግባ?

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ ጀመረ። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ደግሞ የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃድ በማግኘት ቀዳሚዎቹ ናቸው። ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ ለተማርን ልጆች ቀላል ዜና አይደለም። በፊልም ብቻ የምናውቀው "ትሬዲንግ ዴስክ" አገር ውስጥ ያለ የሥራ ቦታ ሆነ ማለት ነው። ጥያቄው ማን ይቀመጥበታል የሚለው ነው። አሁን ባለው አያያዝ መልሱ አጭር ነው፦ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው።

መጀመሪያ ዴስኩ ላይ ምን እንደሚሠራ እንይ። ደንበኛ "ይህን ያህል አክሲዮን በዚህ ዋጋ ግዙልኝ" ይላል። ባለሙያው ትዕዛዙን ይቀበላል፣ የደንበኛውን ሒሳብ ያጣራል፣ ትዕዛዙን ወደ ገበያው ሲስተም ያስገባል፣ ከዚያም ገንዘቡና ሰነዱ መተላለፋቸውን ይከታተላል። ተለማማጅ ትዕዛዝ አያስገባም። የዕለቱን ዋጋ ይመዘግባል፣ የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ውጤት በኤክሴል ያደራጃል፣ የኩባንያ ሪፖርት አንብቦ በአንድ ገጽ ያሳጥራል። አሰልቺ ነው፤ ግን ሙያው የሚለመደው እዚያ ነው። "ይህ ቁጥር ለምን አልገጠመም?" ብሎ የሚያፋጥጥ ሰው አጠገባችሁ ካልተቀመጠ ከሃንድአውት አታገኙትም።

እኛ የምናውቀው አፓረንትሺፕ ግን ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል፣ ተቀባይ ድርጅት ፈልጉ ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ የሚገኘው የባንክ ቅርንጫፍ ነው። እኔ የወጣሁበት ቅርንጫፍ ስሙ ይቅርና፣ ሁለት ወር ፎቶ ኮፒ ሳነሳና ፋይል ስደረድር ቆይቼ ማኅተም ተመታልኝ፤ አለቀ። ዴስኩ ያለው አዲስ አበባ ነው። ከጣና ዳር እዚያ ለመድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመንገዱን ነገር ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደርሶስ? ክፍያ የሌለው ልምምድ ከሆነ ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ታክሲውን ማን ይችላል? ቤተሰብ ያለው ይችላል። ስለዚህ ምርጫው የሚካሄደው ከቃለ መጠይቁ በፊት ነው። ጎበዙ ተለይቶ አይደለም የሚገባው፤ ማደሪያ ያለው ነው።

ይህ የፍትሕ ጥያቄ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ገበያውንም ይጎዳዋል። ኢትዮ ቴሌኮምን ተመልከቱ። ጥቅምት 2017 ላይ 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱ በ300 ብር በቴሌብር ለሽያጭ ቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። የካቲት ላይ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከአሥሩ አንዱ ብቻ። ምክንያቱ ብዙ ነው። የሰው ኪስ ተራቁቷል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር አቅም ምን እንደሆነ ሱቅ የሄደ ሁሉ ያውቃል። ግን አንዱ ምክንያት ይህም ይመስለኛል፦ "300 ብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ?" ብሎ ለሚጠይቅ የባሕር ዳር ነጋዴ ቁጥሩን ዘርዝሮ የሚያስረዳው ሰው አጠገቡ አልነበረም። ስልኩ ላይ መግዣው ነበር፤ ማመዛዘኛው አልነበረም።

"ክልል ላይ ለፋይናንስ የሚሆን ሰው የለም" የሚሉ አሉ። እንዴ! አብቁተ ዋና መሥሪያ ቤቱን ባሕር ዳር አድርጎ፣ የገጠር ቆጣቢና ተበዳሪ ይዞ አድጎ አይደል እንዴ ጸደይ ባንክ የሆነው? ሰው አለ። የጠፋው ወንበሩ ነው።

ወንበሩ ደግሞ የግድ አዲስ አበባ መሆን የለበትም። ግብይቱ በስክሪን ነው፤ ጨረታ አዳራሽ ውስጥ እጅ እየተመታ የሚሸጥ ነገር የለም። ከትዕዛዝ ማስገባት በቀር ተለማማጅ የሚሠራው ሁሉ ባሕር ዳር ካለ ቅርንጫፍ፣ በአንድ ኮምፒውተርና በደህና ኢንተርኔት ይሠራል። ሚስጥራዊ መረጃ ይወጣል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ግን መረጃው የሚጠበቀው በመግቢያ ፈቃድና በቁጥጥር እንጂ በከተማ ስም አይደለም። ለምሳሌ በኢንተርኔት የተዘረጋ የሦስት ወር ልምምድ፣ የትራንስፖርትና የምሳ ክፍያ፣ በግልጽ የወጣ ማስታወቂያና ፈተና። ለአንድ ኢንቨስትመንት ባንክ ይህ ወጪ ነው? የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንስ ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ "ከክልል ስንት ተለማማጅ ተቀበላችሁ?" ብሎ ቢጠይቅ ምን ይከብደዋል?

እስከዚያው እጃችን ላይ ባለው እንጀምር። የኢትዮ ቴሌኮምን የአክሲዮን ሽያጭ መግለጫና የወጋገን ባንክን ዓመታዊ ሪፖርት አውርዱ። ትርፉን ለአክሲዮን ብዛት አካፍሉ፣ ከዋጋው ጋር አነጻጽሩ፣ በአንድ ገጽ ጻፉት። ሦስትና አራት ሆናችሁ ተከራከሩበት። ከድጋፍ ደብዳቤው ጋር ያንን አንድ ገጽ አያይዛችሁ ላኩ። "ልምድ የላችሁም" ለሚል ቀጣሪ ከማኅተም የተሻለ መልስ ነው።