ከጨረታው በፊት የሚጠየቅ

«መንግሥት መሬቱን ለባለሀብት ሸጠው» ሲባል እንሰማለን። በሕጉ ሽያጭ የለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ባለሀብቱ የሚወስደው በሊዝ፣ ለተወሰነ ዘመን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በአዲስ አበባ ለንግድ የሚሰጥ ቦታን እስከ 60 ዓመት፣ ለትምህርትና ለጤና የሚሰጠውን እስከ 90 ዓመት አድርጎታል።

60 ዓመት አጭር የሚመስለው ሰው ካለ ዘንድሮ ክትባት የጀመረችውን የልጅ ልጁን ይመልከት። ውሉ ሲያልቅ እሷም አያት ሆና ይሆናል። ያውም ውሉ ካልታደሰ ነው።

ልማት አልጠላም። ሆቴሉም የገበያ ማዕከሉም ለልጆቻችን ሥራ ያመጣል። የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ነው። በጨረታ አሸናፊው የሚለየው ባቀረበው ዋጋና በቅድሚያ በሚከፍለው መጠን ነው። ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል፣ ልጆች ኳስ የት ይጫወታሉ የሚለው እዚያ ነጥብ የለውም። ሊኖረውም አይችልም፤ ቦታው ለምን እንደሚውል ጨረታው ሳይወጣ በፕላኑ ተወስኗል። አዋጁ ግን ለማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ቦታ ያለ ጨረታ፣ በምደባ የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጧል። ስለዚህ «መሬቱ ውድ ስለሆነ ለጤና ጣቢያ አይሆንም» የሚለው መልስ እኔን አያሳምነኝም።

ርቀት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በነርስነት ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሁለት ታክሲ መቀያየር ሲጀምር ቀጠሮው ይላላል። አንድ ወር ይዘላል፣ ቀጥሎ «ደህና ነኝ» ይላል። ግፊት ደግሞ ሳያሳምም ነው የሚጎዳው።

ቦታቸው ለልማት ተፈልጎ ወደ ከተማው ዳር የሚሄዱ አረጋውያን ነገር ከዚህ ይከብዳል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለባለይዞታ ተነሺዎች ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል። ይህ መታሰቡ ደግ ነው። ቡና ስትጠራ «እማማ፣ ክኒንዎን ዋጡ?» የምትለውን ጎረቤት ግን የሚተካ ክፍያ አላውቅም። (በነገራችን ላይ ብዙ ልጆች ይህችን ጎረቤት የሚያውቋት እናታቸው ከተነሱ በኋላ ነው።)

እናት አባታችሁ የሚነሱ ከሆነ ዕቃ ከመጫኑ በፊት የክትትል ካርዳቸውንና የሪፈር ወረቀት ከጤና ጣቢያው ውሰዱ፤ በአዲሱ ሰፈር የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚቀበላቸው ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ መድኃኒቱ እጃቸው ላይ ሳያልቅ አዲስ ቀጠሮ አስይዙ።

የማትነሱትም ብትሆኑ ወረዳው ስለ ሰፈራችሁ ልማት ስብሰባ ሲጠራ ቅሩ አትበሉ። «ጤና ጣቢያውና የልጆች መጫወቻው በፕላኑ ላይ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በጣት እንዲያሳዩአችሁ፣ ጥያቄያችሁም በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍ አድርጉ።