በጤና መድን ባለመድኑ አስቀድሞ ስለሚከፍለው ድርሻ

መድን የገባ ሰው በታመመ ጊዜ ወጪውን ሁሉ መድን ሰጪው የሚችልለት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሆላንድ አገር ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ፥ ከሚያዋጣው ገንዘብ ሌላ፥ በየዓመቱ የሕክምናውን የመጀመሪያ ወጪ ራሱ ይከፍላል፤ ልኩም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓመት 385 ዩሮ ሆነ። የሆስፒታሉ ሒሳብ 1000 ዩሮ ቢሆን በሽተኛው 385ቱን፥ መድን ሰጪው 615ቱን ይከፍላል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዳግመኛ ቢታመም ድርሻውን ፈጽሟልና አይጠየቅም፤ ዘመን ሲለወጥ ግን ሒሳቡ እንደ ገና ይዠመራል።

የቤተ ሰብ ሐኪም ዘንድ መሄድ ከዚህ ድርሻ ነጻ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው የደም ምርመራና መድኃኒት ግን ነጻ አይደለም። እንግዲህ ድኻው የበሽታውን ስም ያለ ዋጋ ሰምቶ መድኃኒቱን ሊያቆየው ነው!

የድርሻው ምክንያት ሰው ያለ ችግር ወደ ሕክምና እንዳይመላለስ ነው፤ አሳቡም መልካም ነው። ነገር ግን ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ከ1974 እስከ 1982 ባደረገው ፈተና፥ ከኪሳቸው እንዲከፍሉ የተደረጉት ሰዎች የማያስፈልገውን ሕክምና ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልገውንም አብረው ቀነሱ፤ የደም ግፊት የነበረባቸው ድኾችም በነጻ ሲታከሙ ይበልጥ ተሻላቸው። ስለዚህ ድርሻው ለባለጠጋውም ለቀን ሠራተኛውም አንድ ልክ መሆኑን አንደግፍም። በገቢ መጠን ማድረግ ባይቻል እንኳ፥ እንዲህ ላለው ሕመም የታዘዘው መድኃኒት እንደ ሐኪሙ ከድርሻው ነጻ ሊሆን ይገባዋል።